ከአራት ኪሎ ሳንርቅ የመስቀልን ወፍ የምናይበት ውሃ ዳር የት አለ?

የሚጡ እናት
ነሐሴ 26

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው ግንፍሌ አካባቢ ነው፣ ከአራት ኪሎ በእግር ቅርብ። እናቴ ለክረምቱ ከደብረ ታቦር መጥታ እኛ ጋ ናት። ቀኝ ጉልበቷን ያማታል፤ ደረጃ መውጣቱን ትችለዋለች፣ መውረዱ ነው የሚያስለቅሳት። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፣ መስከረም ላይ ሦስተኛ ክፍል ትገባለች።

ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ እናቴ ስለ መስቀል ወፍ ታወራን ነበር። ከቤታቸው ታች ጨፌ አለ። ክረምቱን ውሃ ይተኛበታል፤ መስከረም ሲጠባ ሣሩ ከልጅ ወገብ ያልፋል፣ ወፊቱም ያኔ ትመጣለች፤ አደዩ ሲረግፍ እሷም ትጠፋለች። ልጄ ስትሰማ ቆይታ «እማማ፣ ሌላውን ጊዜ የት ነው የምትኖረው?» አለቻት። እናቴ እኔን አየችኝ፣ እኔም እሷን። ጠፍቶ የከረመን ሰው «የመስቀል ወፍ ሆንክብን» ስንል የኖርነው ወፊቱ የት እንደምትከርም ሳናውቅ ነው። ልጄ ደግሞ ጭራሽ አይታት አታውቅም።

የምፈልገው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። መኪና የለንም። መንገዱ ሜዳ ቢሆን፣ ከአንድ ሰዓት ባይበልጥ፣ በየመሀሉ መቀመጫ ቢኖር። ውሃ ያለበት፣ ረግረግም ቢሆን፣ ወቅት ጠብቀው የሚመጡ ወፎች የሚታዩበት። መሀል ከተማ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይስ ከከተማ መውጣት ግድ ነው? የመስቀል ወፍ አዲስ አበባ ውስጥ ያየ ሰው ካለ የት እንዳየ ቢነግረኝ ውለታው ትልቅ ነው።


ካዛንቺስ ያደገ
ነሐሴ 26

ለእናትሽ ጉልበት ከሆነ ወዳጅነት ፓርክ ነው። ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለው፣ መንገዱ ንጹሕና ሜዳ ነው፣ መቀመጫ ሞልቷል። መግቢያ ይከፈላል። የመስቀል ወፍ ግን እዚያ አትጠብቂ፤ ሣሩ ሁልጊዜ እንደተከረከመ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ መስከረም ላይ ከቤታችን ኋላ ባለው ገደል ሣር ውስጥ ቢጫና ጥቁር ወፍ እናይ ነበር። ሰፈሩም ገደሉም አሁን የለም።


ጡረተኛው ሹፌር
ነሐሴ 27

ልጄ፣ እንደምን አለሽ። የልጅሽ ጥያቄ ቀልቤን ያዘው። የእሷን መልስ ለማግኘት እኔ ራሴ ዓመታት ስለፈጀብኝ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

28 ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ወፍ ማየት ያስተማረኝ ስኳር በሽታ ነው። ሐኪሙ «በየቀኑ 40 ደቂቃ በእግርዎ ይሂዱ» ሲለኝ ያን ያህል ጊዜ የምሄድበት ጠፍቶኝ ነበር። መሪ ይዤ የማውቀው ከተማ በእግር ስገባበት ሌላ አገር ሆነብኝ። የቀበናን ድልድይ በቀን ስንቴ እንደተሻገርኩት እግዜር ይወቀው፤ ከሥሩ ወንዝ መኖሩን ግን በበጋ ሽታው ሲያስታውሰኝ ብቻ ነበር የማስበው።

ለልጅሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪያት፤ የመስቀል ወፍ የትም አይሄድም፣ ልብሱን ነው የሚቀይረው። ወንዱ ክረምቱ ሲገባ አዲስ ላባ ያወጣል። አንዱ ዓይነት ጥቁርና ቢጫ ነው፣ ሌላው ጥቁርና ቀይ። ሴቷ ዓመቱን ሙሉ ቡናማ ዝንጉርጉር ናት፣ ድንቢጥ ብለሽ ታልፊያታለሽ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያ ያማረ ላባ ይረግፍና ወንዱም እንደ እሷ ቡናማ ይሆናል። ከዚያ ተሰባስበው ከሌሎች ትንንሽ ወፎች ጋር የሣር ፍሬ እየለቀሙ ይከርማሉ። በጥር እዚያው ሣር አጠገብ ቆመሽ ታይዋለሽ፣ ግን አታውቂውም። እኔ ይህን እስክረዳ ሦስት ዓመት እዚያው ቦታ ተመላልሻለሁ። አንድ ኅዳር ላይ ግማሽ ጎኑ ጥቁር ግማሽ ጎኑ ቡናማ የሆነ አንድ ወፍ አየሁና ያኔ ገባኝ።

ለምን በመስከረም? ጎጆውን የሚሠራው በሣር ላይ ነው። ቁመት ያለው፣ ሥሩ ውሃ የያዘ ሣር ይፈልጋል። ወንዱ ሣሩን በሣር ጠልፎ ጎጆ ይሸምናል፣ እንዲያውም ከአንድ በላይ ነው የሚሠራው፤ ሴቶቹ ይመርጣሉ። ጫጩቶቹ ሲወጡ ደግሞ የሣሩ ፍሬ የሚያሽትበት ጊዜ ነው። ሁሉም ነገር የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ተቆጥሮ የተሰናዳ ነው። ስለዚህ የተከረከመ ሣር ላይ አታገኚውም፤ ካዛንቺስ ያደገው ልጅ ያለው ትክክል ነው።

አሁን መንገዱን ልንገርሽ። ከአራት ኪሎ ወደ ታች በእግር አትውረዱ። ለታመመ ጉልበት ቁልቁለት ከዳገት ይብሳል፣ እናትሽ ራሷ ነግራሻለች። በታክሲ ወርዳችሁ ወዳጅነት ፓርክ ግቡና ሐይቁ ዳር ያለው መቀመጫ ላይ አስቀምጫት። እዚያ የመስቀል ወፍ የለም፣ ሌላ ግን አለ። ጠዋት ጠዋት በአራት ኪሎ ሰማይ ላይ ሁለት ሦስት ሆነው እየጮኹ የሚያልፉ ትልልቅ ጥቁር ወፎች አሉ አይደል? ሰው ቁራ ይመስሉታል። ሣር ላይ ሲወርዱ እይያቸው፤ መንቆራቸው ረጅምና ጎባጣ ነው፣ ጉሮሯቸው ሥር ቀጭን ቆዳ ይንጠለጠላል፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ አለ። ትል ሲፈልጉ መንቆራቸውን እስከ ሥሩ መሬት ውስጥ ይከቱታል። ይህ ወፍ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በዓለም ላይ የለም። ጣሪያችን ላይ የሚጮኸውን ወፍ ለማየት ከውጭ አገር ሰው ይመጣል ብዬ ለጎረቤቴ ብነግረው አላመነኝም።

መስከረም ከገባ ደግሞ ሐይቁ ጠርዝና መንገዱ ላይ ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምትወዘውዝ ደረቷ ቢጫ ቀጭን ወፍ ትመጣለች። ይቺኛዋ እውነተኛ መንገደኛ ናት። ከአውሮፓና ከእስያ መጥታ በጋውን እኛ ጋ ትከርማለች፣ ሚያዝያ ላይ ትመለሳለች። ባለ 50 ሉክ ደብተር አለኝ፤ በየዓመቱ መጀመሪያ ያየሁባትን ቀን እጽፋለሁ። አንድ ዓመት መስከረም 6፣ አንድ ዓመት መስከረም 11፣ አንድ ዓመት መስከረም 9። ለልጅሽ ደብተር ግዢላት።

የመስቀልን ወፍ የማይበት ቦታ ቀበና ነው። ከድልድዩ ወረድ ብሎ በቆርቆሮ የታጠረ ባዶ ቦታ አለ። ከላይ የሚወርደው ውሃ እዚያ ይተኛል፤ ቄጠማና ሰንበሌጥ በቅሎበታል፣ መሬቱ ስትረግጪው ይሰምጣል። ከውጭ ከእግረኛው መንገድ ሆነሽ በአጥሩ ክፍት ታያለሽ፣ መግባት አያስፈልግም። እናትሽ ከታክሲ ወርዳ ሃምሳ እርምጃ እንኳ አትሄድም። ለጥበቃው ሰላምታ ስጡ፣ ምን እንደምታዩ ንገሩት። ባይናኩላር ካላችሁ ከጥበቃ ጋር ሳትነጋገሩ አታውጡ፣ ፎቶም እንደዚያው፤ አካባቢው ኤምባሲም ቤተ መንግሥትም ያለበት ነው።

ስለዚያ ቦታ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እስካሁን ያመኛል። የዛሬ አራት ዓመት ለበዓል ይጽዳ ተብሎ መስከረም 10 ላይ ሣሩ ታጨደ። በማግሥቱ ስሄድ ሣሩ ተከምሯል፤ ክምሩን ሳገላብጥ ሦስት ጎጆ አገኘሁ፣ ሁለቱ ከነእንቁላላቸው። እንቁላሎቹ የአውራ ጣቴን ጥፍር ቢያክሉ ነው። ወንዶቹ ቆርቆሮው ላይ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ሲጮኹ ዋሉ። ያጨዱት ልጆች ምንም አላጠፉም፣ ማንም አልነገራቸውም። ከዚያ ወዲህ በየነሐሴው ለጥበቃው ሄጄ እነግረዋለሁ፤ ቢያንስ የውሃውን ጥግ እስከ ኅዳር ተዉልን እላለሁ። ሁለት ዓመት ተሳክቶልኛል። ዘንድሮም ባለፈው ማክሰኞ ሄጄ ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል።

ማስጠንቀቂያ ደግሞ አለኝ። ልጅቷን ወንዙ ዳር አታውርጂያት። ውሃው የቤት ፍሳሽ ይገባበታል፣ መንካት የለባትም። ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ደራሽ ነው። ቀበና ከእንጦጦ የሚወርድ ወንዝ ነው፤ አራት ኪሎ ፀሐይ ሆኖ እንጦጦ ከጠቆረ ውሃው ሳይታሰብ ይመጣል። እስከ መስከረም አጋማሽ ወደ ሰሜን ቀና ብለሽ ሳታይ ወንዝ ዳር አትቁሚ።


የሚጡ እናት
ነሐሴ 27

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እናቴ «ልብሱን ነው የሚቀይረው» የሚለው ላይ ስደርስ ድገሚው አለችኝ። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ ትሄዳለች ብላ ነው የኖረችው። ልጄ ደግሞ «ታዲያ የቀበና ውሃ የት ነው የሚሄደው?» ብላ ሌላ ጥያቄ አምጥታለች። ያውቁታል?


ጡረተኛው ሹፌር
ነሐሴ 28

እሱን በደንብ ነው የማውቀው፣ በካርታ ተከትዬዋለሁ። ቀበና ታች ሲወርድ ባንትይቀጡን ይቀላቀልና ወደ ትልቁ አቃቂ ይገባል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፤ ከዚያ አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማይደርስ ወንዝ ነው፣ አፋር ምድር ሄዶ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። እንጦጦ ጫፍ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ግን መንገዱ ሁለት ነው። በደቡብ በኩል የወደቀው ጠብታ በእናንተ ድልድይ ሥር አልፎ አፋር ይቀራል፤ በሰሜን በኩል ወደ ሱሉልታ የወደቀው በሙገር ዓባይ ገብቶ ግብፅ ይደርሳል። በመካከላቸው የአንድ ጣሪያ ክዳን ያህል ርቀት ሊሆን ይችላል። ይህን ሳስብ ዝናብ ሲዘንብ ዝም ብዬ አላይም።


የቄጠማ ልጅ
ነሐሴ 29

እኔ ስለ ወፍ ብዙ አላውቅም፣ ስለ ቄጠማው ግን አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ቄጠማ ሸጣ ነው ያሳደገችን። ልጅ ሆኜ ከእሷ ጋር ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን አቃቂ በኩል እንሄድ ነበር። በማጭድ ከውሃው በላይ ታጭዳለች፣ ሥሩን አትነካም፤ በሳምንታት ውስጥ መልሶ ይበቅላል። «ሥሩን የነቀለ ለከርሞ ምን ሊሸጥ ነው» ትል ነበር። እስሩን ገበያ ላይ ስንፈታው ከውስጡ ትንንሽ እንቁራሪት ይወጣል፣ አውራ ጣት የሚያክል፣ አረንጓዴ። እኔ በጣሳ እየሰበሰብኩ ማታ ስንመለስ እዚያው ውሃ ላይ እመልሳቸው ነበር።

ያ ቦታ አሁን ቤት ነው። ከፊሉ መጀመሪያ ባሕር ዛፍ ተተከለበት፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ረግረጉ ደረቀ፣ ከዚያ መሬቱ ለግንባታ ተመቸ። እናቴ አሁን ከሱሉልታ በኩል ከሚያመጡት ነው የምትረከበው። እሷ ቤቷ ስትጎዘጉዝ ሁልጊዜ መጀመሪያ ታሸተዋለች። የትኛው ውሃ ላይ እንደበቀለ በሽታው አውቃለሁ ትላለች፣ እኔም አምናታለሁ።

ጋሼ ያሉት የቀበናው ቦታ ቄጠማ ካለበት እንቁራሪት መኖሩ አይቀርም። እናትሽን ደክሟት ካልሆነ ወደ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ዝናብ ካባራ በኋላ ውሰጃት። ታክሲ ውስጥ ሆና መስኮት ከፍታ ብትሰማ ይበቃታል፤ የአገሯ ጨፌ ድምፅ ነው።


መለሎ
ጳጉሜ 2

ከጋሼ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም፣ በአክብሮት። የመስቀል ወፍ ጅራተ ረጅሙ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ መንቆሩ ደማቅ ቀይ፣ ከሰውነቱ የሚበልጥ አራት ረጃጅም ላባ ከኋላው የሚያስከትል። እኛ አገር የመስቀል ወፍ ሲባል እሱ ነው። እሱም እንደ ሌሎቹ በበጋ ጅራቱን ጥሎ ቡናማ ይሆናል። ሴቷ ጎጆ አትሠራም፣ እንቁላሏን በሌላ ትንሽ ወፍ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች።

እና ልጅቷ ይህን ከወደደችው፣ እናትሽም መኪና መቀመጥ ከቻለች፣ አንድ ቀን ገፈርሳ ውሰጃቸው። ከፒያሳ አስኮ፣ ከአስኮ ቡራዩ፣ በአምቦ መንገድ ከመሀል ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግድቡ የከተማው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ተጠብቋል፤ በዙሪያው ያለው እርጥብ ሣር ላይ ግን ከመንገድ ሆነሽ የምታይው ይበቃል። የእኛ አገር ብቻ የሆነው ዝይ እዚያ አለ። ግራጫ ቡናማ ነው፣ አንገቱን ወደ ኋላ ጀርባው ላይ አስተኝቶ ነው የሚሄደው፤ ሲበር ክንፉ ላይ ሰማያዊው ብልጭ ይላል። ከጥቅምት ወዲህ ደግሞ ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎች ይሞሉበታል፣ መንቆሩ እንደ ማንኪያ የሰፋውን ልጅ ወዲያው ትለየዋለች።

ሱሉልታ ሜዳም ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ብዙው ታጥሯል። በርጋ የሚባለው ከአዲስ ዓለም አጠገብ ያለው ጨፌ ደግሞ ለጉብኝት የሚመከር አይደለም። እዚያ በክረምት የምትራባ አንዲት ትንሽ ወፍ አለች፣ ክንፏ ላይ ነጭ ያለባት፣ ከሣሩ ሥር የማትወጣ። በመላው ዓለም የቀረችው በጣም ጥቂት ናት፤ በዋናነት የምትታወቀውም እኛ ጋና ደቡብ አፍሪካ ነው። የአካባቢው ገበሬዎች ከብቶቻቸውን እሷ ጎጆ በምትሠራበት ወቅት ከጨፌው ያርቁላታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እግራችን እዚያ አለመድረሱ ነው የሚጠቅማት።


ጡረተኛው ሹፌር
ጳጉሜ 2

ልጄ መለሎ፣ ጅራተ ረጅሙንም አውቀዋለሁ። እኛ ሰላሌ ቢጫውን ነው የመስቀል ወፍ የምንለው፤ እናንተ እሱን ትላላችሁ፤ የሚጡ አያት ደግሞ ሲያዩት የራሳቸውን ይነግሩናል። ሁሉም በአንድ ዝናብ የሚለብሱ ናቸው። ገፈርሳን ስለነገርሃት አመሰግናለሁ፤ እኔ እዚያ ከሄድኩ ቆየሁ።


የሚጡ እናት
መስከረም 11

እንኳን አደረሳችሁ። ትናንት ቅዳሜ ሄድን። የሆነውን ሁሉ ልንገራችሁ።

በታክሲ ወርደን 1 ሰዓት ተኩል አካባቢ መጀመሪያ ቀበና ሄድን፤ እናቴ ጉልበቷ ሳይደክም ይቅደም ብዬ። ጥበቃው ገና ሲያየን «የሽማግሌው ሰዎች ናችሁ?» አለን። ለእናቴ ከጥበቃ ቤቱ የእንጨት ወንበር አውጥቶ አጥሩ ክፍት ባለበት አኖረላት። ቆርቆሮው ሁለት ቦታ ላይ ተቀዷል፤ አንዱ ለልጄ ቁመት ልክ ነበር።

መጀመሪያ ምንም አልታየንም። ሣሩ ብቻ፣ በጤዛ የራሰ፣ ቢጫ አደይ በዳር በዳሩ። ሽታው እንደፈራሁት አልነበረም፣ ክረምቱ አጥቦታል። አሥር ደቂቃ ያህል ቆየን። ልጄ እንሂድ ልትል አፏን ስትከፍት ከሣሩ መሀል አንድ ነገር ተነሣ። ወፍ አይመስልም ነበር። ላባውን ነፍቶ ክብ ሆኖ፣ ራሱና ጀርባው ቢጫ ሆዱ ጥቁር፣ እንደ ትልቅ ጢንዚዛ ጢዝ እያለ ከሰንበሌጡ በላይ ቀስ ብሎ ሄዶ ሌላ ዘለላ ላይ ዐረፈ፤ ዘለላው ጎብጦ እሱም አብሮ ተወዛወዘ። ከዚያ ሌላው ተነሣ። ከዚያ ሌላው። አምስት ቆጠርን፤ ልጄ ስድስት ትላለች።

እናቴ ከወንበሩ ተነሥታለች። ጉልበቷን ረስታ በሁለት እጇ ቆርቆሮውን ይዛ «እሱ ነው፤ እሱው ራሱ ነው» ትላለች። በእሷ አገርም ቢጫው ነው ማለት ነው፣ ጋሼ። ከዚያ አባቷ ጨፌው ላይ ከብት ሲያግዱ ጎጆ ያለበትን ሣር በድንጋይ ምልክት እያደረጉ ከብቱን እንዳያሰማሩበት ይከለክሉ እንደነበር አወራችን። ስለ አያቴ ይህን ነገር በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። ሰላሳ ስምንት ዓመት ልጇ ሆኜ ስኖር አልነገረችኝም፤ ወፉን እስክታይ ያስታወሰችውም አይመስለኝም።

ጅራተ ረጅሙን አላየንም፣ መለሎ። ለልጄ ግን ሥዕሉን ስዬ አሳይቻታለሁ፤ በዝርዝሯ ውስጥ «ገና» ብላ ጽፋዋለች።

ከዚያ ፓርኩ ሄደን ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ያሏቸው ትልልቆቹ ጥቁሮች አራት ሆነው ሣሩ ላይ ነበሩ። እናቴ ዳቦ ልትወረውርላቸው ስትል ልጄ «ትል ነው የሚበሉት» ብላ ከለከለቻት። ጭራ ወዝዋዧ ግን አልታየችም። እርስዎ ዘንድሮ አይተዋታል?


ጡረተኛው ሹፌር
መስከረም 11

ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ከ20፣ ከሐይቁ መውጫ ቦይ ላይ፣ አንዲት። ትናንት እናንተ በሄዳችሁ በማግሥቱ። ደብተሬ ላይ አስፍሬያታለሁ። እናትሽ የነገሩሽን የድንጋዩን ነገር ለጥበቃው ነገ ሄጄ ነው የምነግረው።


የቄጠማ ልጅ
መስከረም 12

እህቴ፣ ለእናቴ አነበብኩላት። ጥቅምት ላይ ቦታው መታጨድ ካለበት እሷ መጥታ ራሷ ታጭደዋለች፣ በነፃ፤ ጎጆ ያለበትን እየተወች። ጋሼ፣ ከጥበቃው ጋር ሊያገናኙን ይችላሉ?


ጡረተኛው ሹፌር
መስከረም 12

ይቻላል፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ጥቅምት ግን ገና ነው፣ ኅዳር አጋማሽ ይሁን። ጫጩቶቹ ይውጡ።


የሚጡ እናት
ታኅሣሥ 12

እናቴ ኅዳር መጨረሻ ላይ አገሯ ተመልሳለች። ትናንት ልጄና እኔ ብቻችንን ቀበና ሄድን። ሣሩ ነጥቷል፤ ግማሹ ታጭዷል፣ ውሃው ያለበት ጥግ እንዳለ ቆሟል። የቄጠማዋን እናት እጅ አየነው፣ ሁሉም ከአንድ ቁመት ላይ ነው የተቆረጠው። ሽታው አሁን ብሷል፣ አፍንጫችንን በነጠላ ይዘን ነው የቆምነው።

ድንቢጥ የመሰሉ ሠላሳ አርባ ወፎች ከታጨደው ሣር ላይ ፍሬ ይለቅማሉ። መስከረም ላይ ባያቸው ዞር ብዬ አላያቸውም ነበር። ልጄ በቀዳዳው አንድ በአንድ ታያቸዋለች፤ ረጅም ጊዜ ወሰደባት፣ እኔ ብርድ ይዞኛል። ከዚያ ክንዴን ጎተተችኝ። አንዱ ቡናማ ወፍ ከጀርባው ላይ አንዲት ቢጫ ላባ ቀርታበታለች። ደብተሯ ላይ ቀኑን ጽፋ ከሥሩ «አንድ ቁልፍ ቀርቶታል» ብላ ጻፈች። ማታ ለእናቴ ደውለን ነገርናት።


ጡረተኛው ሹፌር
ታኅሣሥ 12

በየትኛው ጎኑ ነበረች? ግራ ወይስ ቀኝ? ልጅቷን ጠይቂልኝ፣ እኔም ደብተሬ ላይ ልጻፈው። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ።


የሚጡ እናት
ታኅሣሥ 12

በግራ ትላለች። ከክንፉ ሥር ከፍ ብሎ። ነገ ቤተ ክርስቲያን ደርሰን በ3 ሰዓት እኛም እንመጣለን፣ ከቻሉ ይጠብቁን።